ሄደው የተመለሱ

ፒያሳ፣ ምኒልክ ሐውልት ሥር፣ አንድ አዛውንት ጀርባቸውን ለፈረሱ ሰጥተው ቆመዋል። እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ከጊዮርጊስ ደጅ እየተበተነ ነበር። አዛውንቱ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግተው በዓይናቸው የሆነ ነገር ይለካሉ። ትንሽ ወደ ግራ ይጠጋሉ። ቆም ይላሉ። እጃቸውን ደግመው ይዘረጋሉ።

"አባባ፣ ምን ላግዝዎት? የጠፋብዎት ቦታ አለ?" አልኳቸው።

"አልጠፋብኝም። ቤቴን እያየሁ ነው ልጄ።"

እጃቸው ወዳመለከተበት አየሁ። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የእግረኛ ንጣፍ፣ የተተከለ ሣር፣ የመብራት ምሰሶ። ቤት የሚባል የለም። ዶሮ ማነቂያ የነበረበት አቅጣጫ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. መነሳቱን አዲስ አበባ ያለ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው የዚያ ሰፈር ልጅ ናቸው። ተወልደው፣ አግብተው፣ ልጅ ድረው የኖሩት እዚያ ነው። አሁን የሚኖሩት ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ለቅዳሴ ሲመጡ ግን እዚህች ቦታ ይቆማሉ። ፈረሱን ከጀርባቸው ያደርጋሉ። ከዚያ በሐሳባቸው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ መታጠፊያቸውን ያገኛሉ፣ ደጃቸው ይደርሳሉ።

"ይኼ ፈረስ ባይኖር ደጄ የት እንደነበር ለልጅ ልጄ ማሳየት አልችልም ነበር" አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ታክሲ ሊይዙ ሄዱ።

ንግግራቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ከማዘጋጃ ተነስቶ እስከ ለገሃር የሚወርደውን መስመር እወደዋለሁ። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሲመጣ፣ ከውጭ ጓደኛ ሲመጣ፣ የምወስደው በዚያ ነው። ከጊዮርጊስ እንጀምራለን። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አይደክምም። በየመሐሉ ቡና አለ። የማወራላቸውም የተለመደውን ነው፦ ማን አሠራው፣ መቼ ቆመ፣ ማንን ይዘክራል። አዛውንቱ ግን ሐውልቱን ለሌላ ጉዳይ ነበር የፈለጉት። ምኒልክ ለእሳቸውም የዓድዋው ምኒልክ ናቸው። በዚያ ላይ ደግሞ የቤታቸው ምልክት ሆነዋል። ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ እሳቸው ብቻ ሳይነቃነቁ የቀሩ ምስክር።

ሳይነቃነቁ ስል ግን ቆም አልኩ። ይኼ ሐውልት ተነቃንቆ ያውቃል።

ፈረሱም ጠፍቶ ነበር

ሐውልቱን ያሠሩት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። ተመርቆ ሲቆም ለማየት አልታደሉም፤ መጋቢት 1922 ዓ.ም. ላይ አረፉ። የመረቁት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓላቸው ዋዜማ። ከቆመ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስቶች ገቡ። ነቀሉት፣ ደበቁት። የመጡት የዓድዋን ቂም ይዘው ነውና የዓድዋው ንጉሥ በፈረስ ላይ ሆኖ ከተማው መሐል እንዲያያቸው አልፈለጉም። ከነጻነት በኋላ ፈረሱ ከነጋላቢው ወደ ቦታው ተመለሰ።

በእነዚያ የወረራ ዓመታት አራዳ ይኖር ስለነበረ ሰው ማሰብ ጀመርኩ። ጠዋት ጊዮርጊስን ሊሳለም ይመጣል። እዚያ ጋ ባዶ ቦታ አለ። የሚያድግ ልጅ ይዞ ቢሆን፣ ልጁም "እዚህ ምን ነበር?" ቢለው፣ በምን ያሳየዋል? በቤቶቹ ነዋ። "ከዚያ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከዚህ ግንብ ወዲህ፣ እዚህች ላይ" እያለ። ያኔ ፈረሱ ሄዶ ቤቶቹ ነበሩ ምልክት የሆኑት። ዛሬ ቤቶቹ ሄደው ፈረሱ ምልክት ሆነ። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

አጠገቡ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ገና ሲገነባ "ዓድዋ ዜሮ ዜሮ" ይባል ነበር። ርቀት ከዚህ ይጀመራል ለማለት ነው። አዛውንቱም የራሳቸውን ርቀት የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። የየካቲት 23 ጠዋት ሐውልቱ ሥር የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ይኼ ቦታ ለከተማው ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ያን ሕዝብ ሳይ ግን አሁን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ፈረሱ ተደብቆ በነበረ ጊዜ እንዲመለስ ያደረገው ምንድን ነው? ጠላት መሸነፉ አንድ ነገር ነው። ሆኖም ጠላት ከተሸነፈ በኋላ ስንት ያልተመለሰ ነገር አለ። ለመመለስ መጀመሪያ ቦታው ባዶ መሆኑ የሚያመው ሰው ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 2005

ከምኒልክ ወደ አቡነ ጴጥሮስ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በእነዚያ አዛውንት ንግግር ተይዤ ስሄድ እግሬ የወሰደኝ ወደዚያ ነው። እዚያ ስደርስ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሐውልቱ ለቀላል ባቡሩ ሥራ ሲነሳ ሕዝቡ መሐል ነበርኩ። ክሬን መጥቷል። ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አብዛኛው ዝም ብሎ ያያል። አንዳንዱ በሞባይል ይቀርጻል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ በአጠገባችን ሲያልፍ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ወዴት ነው የምትወስዷቸው?"

"ሙዚየም ነው የሚቀመጡት እማማ። ይመለሳሉ።"

"መቼ?"

"ባቡሩ ሲያልቅ።"

"ስምህ ማን ነው?"

ስሙን ነገራቸው።

"እንግዲህ እኔ አንተን ነው የምጠይቅህ" አሉት። ክንዱን ለቀቁት።

ልጁ ሳቅ ብሎ አልሄደም። ራሱን ነቅንቆ ነው የሄደው። እኔ ያኔ የእናትየውን ሐዘን ነበር ያየሁት። ዛሬ ግን የማስበው ስለ ጥያቄያቸው ነው። ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው። ሐውልት የማንሳትም የመመለስም ሥልጣን የለውም። ይኼን እሳቸውም ያውቃሉ። ያደረጉት ነገር ግን ትልቅ ነው። መነሳቱን አደራ አደረጉት። አደራ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል፣ የሚጠይቅ ይፈልጋል። ሦስቱንም እዚያው ቆመው አሟሉ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው በዚያ ቀን መንገዱን ሞልቶት ነበር። ጋዜጣውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የታክሲው ወሬም "መቼ ነው የሚመለሱት?" ሲል ከረመ።

ሐውልቱ ብሔራዊ ሙዚየም ቆየ። ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐውልቱ ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ባቡሩ በዋሻው ያልፋል፣ አቡነ ጴጥሮስ ከላይ ቆመዋል። ይኼን እንደ ቀላል ነገር አንየው። "ለጊዜው ነው" ተብሎ ተነስቶ በዚያው የቀረ ነገር በዚህች ከተማ ብዙ ነው።

የተመለሱት ደግሞ ወደዚያው ቦታ መሆኑ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሌላ አደባባይ ላይ፣ ሌላ ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ማቆም ይቻል ነበር። አቡኑ አርበኞቹን አላወግዝም፣ ሕዝቤንም ለጠላት ተገዛ አልልም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተረሸኑት ግን በዚህ አካባቢ ነው። ሐውልቱ ከዚህ ከራቀ የሚያሳየው ምስላቸውን ብቻ ይሆናል። እዚህ ሲቆም ቦታውንም ያሳያል። አንድ እንግዳ ሐውልቱን ሳሳየው "እዚህ?" ብሎ መሬቱን ሲያይ ገጥሞኝ ያውቃል። ያቺ ወደ መሬት የምትወርድ ዓይን ለእኔ ከሁሉም ጽሑፍ ትበልጣለች።

እና ወደ ዶሮ ማነቂያ ሐሳቤ ተመለሰ። ሰፈሩ ሲነሳ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ፋታ የነበረው ሰው አልነበረም። ሁሉም ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ ነበር። የልጅ ትምህርት ቤት ማዛወር ነበር፣ የዕድር መዝገብ ማን ይያዝ የሚል ነገር ነበር። እኔ መንገዱ መስፋቱን፣ መብራት መግባቱን፣ በእግር መሄድ መቻሉን አልጠላም። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። ቤቶቹም እንዲሁ እንደነበሩ ተመልሰው አይቆሙም። ስሙ ግን ይመለስ። አንድ ድንጋይ፣ የሰው ጉልበት ድረስ የምትደርስ፣ "እዚህ ዶሮ ማነቂያ ነበር" የምትል፣ የመንደሮቹን መግቢያ በቀስት የምታመለክት። ሰፈሩ የሄደበት ዓመት ተጽፎባት። ለዚህ ክሬን አያስፈልግም። ዛሬ ያሉት አዛውንቶች እያሉ ነው ግን መሆን ያለበት፤ መታጠፊያዎቹን በእጃቸው እየዘረጉ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። "ያላዩት አገር አይናፍቅም" ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ካለፉ በኋላ የሚናፍቀውም የሚጠይቀውም አይኖርም።

ቁልቁል በቸርችል

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ በአዲስ ዓይን ነው የወረድኩት። እያንዳንዱን "አንተስ ሄደህ ታውቃለህ? ማን ጠየቀልህ?" እያልኩ።

ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ዋናው፣ ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው መድፍ፣ መቅደላ አምባ ላይ እንዳለ ነው። ያን ያህል ብረት ያንን ዳገት መውጣቱ ራሱ ታሪክ ነው። እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ታቦት፣ ስንት የወርቅ ዕቃ ወሰዱ። መድፉን ለመሸከም ግን አልቻሉም። ስለዚህ አደባባዩ ላይ ቆሜ የማስበው ከዚያ ስለተወሰደው ሌላው ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ከ150 ዓመት በኋላ። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ አጽም ግን ዛሬም ዊንዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥያቄ ቀርቦ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። ጥያቄው ግን አልቆመም፣ ሊቆምም አይገባም። ያ ልጅ በሰባት ዓመቱ ነው ከአገሩ የወጣው። አደባባዩን በመኪና ስንዞር መድፉን እናያለን፤ ስለ ልጁ አንድም የሚናገር ነገር የለም። እኔ ብሆን ስሙን እዚያው መድፉ ሥር እጽፈው ነበር።

ትንሽ ወረድ ስንል ትግላችን ሐውልት አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ። 50 ሜትር የሚረዝም ዓምድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ። ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። ከግራና ከቀኝ ባሉት ግድግዳዎች ላይ የተቀረጸው የአብዮቱ ታሪክ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የወደቁት የኩባ ወታደሮች ፎቶም አለ።

እዚህ ጋ ሐሳቤ ይከፋፈላል። 1977 ማለት የድርቁ ዓመት ነው። ወሎና ትግራይ ሰው እየረገፈ እዚህ ዓምድ ሲመረቅ ነበር። ይኼን ሳላስብ ኮከቡን ማየት አልችልም። የኩባዎቹን ፎቶ ሳይ ግን ሌላ ነገር ይሰማኛል። ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው። ካሪቢያን ደሴት ላይ ተወልደው ኦጋዴን ላይ ቀሩ። የእነሱ እናቶች "ወዴት ነው የምትወስዷቸው?" ብለው ይሆናል። አፍሪካ አዳራሽ ፊት የነበረው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲገረሰስ ይኼ አልተነካም። ለሌኒን ይመለስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ለትግላችንም አደባባይ ወጥቶ የሚሟገት የለም። ግን ይቁም ባይ ነኝ። ያ ዘመን ስንቱን ወላጅ ያለ ልጅ አስቀርቷል። ከከተማው ፊት ላይ ምልክቱን ብንፍቀው ለልጆቻችን "እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር" ብለን የምናሳይበት አንድ ነገር ቀነስን ማለት ነው። የሚጎድለው አጠገቡ የሚቆም እውነተኛ ማብራሪያ ነው፦ ድርቁን የሚጠቅስ፣ ቀይ ሽብርን የሚጠቅስ፣ የኩባዎቹንም ውለታ የማይረሳ።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን አንበሳ በአጭሩ ልለፈው፤ እሱ ደስታዬ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለተከበረው የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቆመ፣ የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ። አሥር ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ጋማው በቀጥታ መስመር የተጠረበ ድንጋይ። የተለመደ የአንበሳ ምስል ጠብቆ የመጣ ሰው ይደነግጣል። ከፊት ለፊት ሲታይ አንበሳም ግንብም ይመስላል። የዘውድ ምልክት ሆኖ ሳለ አብዮቱን እዚያው ቆሞ አለፈው። የአዲስ አበባ ሰው ግማሹ አንዴ ቢሆን "ብሔራዊ፣ አንበሳው ጋ" ብሎ ተቀጣጥሯል። ስንቱ ትዳር እዚህ ጀምሯል።

የለገሃሩ አንበሳ

መንገዱ የሚያልቀው ለገሃር ነው፤ ሐሳቤም መያዣ ያገኘው እዚያ ነው።

ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የቆመው የዘውዱ በዓል ሰሞን ነው፣ 1923 ዓ.ም.። ፋሺስቶች ይኼንን አልደበቁትም። ጭነው ሮም ወሰዱት። ያቆሙትም ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ነው። ዶጋሊ ማለት ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ጣሊያንን የደመሰሱበት ቦታ ነው። ሟቾቻቸውን በሚያስቡበት ድንጋይ ሥር የእኛን አንበሳ እንደ ምርኮኛ አስቀመጡት። ከባቡር ጣቢያ ወስደው ባቡር ጣቢያ። መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ታስቦበት የተሠራ ውርደት ነው።

ዘርዓይ ደረስ የሚባል ወጣት ኤርትራዊ ነበር። ወደ ጣሊያን ለተጋዙት የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ሮም የሄደ ነው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሱት ሲመጡ ሰይፉን መዘዘ። የሆነው ነገር በየአፉ እየተጨመረበት ብዙ ተብሏል። የማይጨመርበት ይኼ ነው፦ በባዕድ ከተማ፣ ብቻውን፣ በጠላት መሐል፣ የተሰረቀ ነገር አይቶ ዝም አላለም። ከዚያ በኋላ ነጻ ሰው ሆኖ አልኖረም። ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ እንደተዘጋበት በ1937 ዓ.ም. ሞተ። አገሩ ነጻ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

አንበሳው ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ደርግ ሲመጣ የዘውድ ምልክት ነው ተብሎ ሊነሳ ነበር። ያኔ ነው ሽማግሌ አርበኞች የተነሱት። ስለ ንጉሡ አልተከራከሩም። ያስታወሱት ዘርዓይን ነው። ይኼ አንበሳ አንድ ልጅ የተንበረከከለት ነው፣ ደሙን የሰጠበት ነው፣ እንዴት እናንተ ታነሱታላችሁ አሉ። አንበሳው ቀረ።

ይኼ ነገር ደጋግሞ ያስደንቀኛል። የዘመኑን ቋንቋ እናስብ። አክሊል ያለበት ነገር ሁሉ እየወረደ፣ ስም ሁሉ እየተቀየረ፣ መቃወም ራስን የሚያስበላ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ያረጁ ሰዎች አንድን ሐውልት አዳኑ። ያዳኑትም ከሠሪዎቹ ሐሳብ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ነው። አንበሳው ሲቆም የተወለደው ትርጉም ዘውድ ነበር። ሮም ሄዶ ሲመለስ ሌላ ትርጉም ተሸክሞ መጣ። ባይሰረቅ ኖሮ ዘርዓይ አይኖርም፤ ዘርዓይ ባይኖር ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ የሚከራከርለት አይኖርም ነበር። ስርቆቱ ራሱ ዋስ ሆነው።

ለዚህ ነው ሐውልቶቻችን ሥር የሚጻፈው ነገር የማይበቃኝ። ማን ሠራው፣ መቼ ተመረቀ ይላል። መቼ ተነቀለ፣ የት ከረመ፣ ማን አስመለሰው የሚለው የለም። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" እንላለን። የእነዚህ ሐውልቶች ሥር ያለው ደግሞ ከጠፉበት ጊዜ ውስጥ ነው። ለገሃር አንበሳው ሥር የዘርዓይ ስም በትልቁ፣ በአማርኛም በትግርኛም ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። አቡነ ጴጥሮስ ሥር "ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነስተው ብሔራዊ ሙዚየም ቆይተው ተመልሰዋል" የሚል መስመር ይኑር። ይኼ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከተማዋ ቃሏን የጠበቀችበት ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜም ማስረጃ ይሆናል። ነገ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ባቡር ይመጣል። ሌላ ሐውልት "ለጊዜው" ይነሳል። ያኔ አንዲት እናት ጣታቸውን ወደዚያ ጽሑፍ ጠቁመው "እነሱም እኮ ተመልሰዋል" ማለት ይችላሉ።

ስድስት ኪሎ ያለው መወጣጫ

ለዚህ ሐሳብ ሌላ መስመር የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ። የድል ሐውልቱንና የየካቲት 12ን ሐውልት ሁሉም ያውቃቸዋል። ስለ የካቲት 12 አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ዞራችሁ እዩት። ከታክሲ መስኮት የሚታየው 28 ሜትር የሚረዝመው ዓምድ ነው። የዩጎዝላቪያዎቹ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ልባቸውን ያፈሰሱት ግን ከታች ዙሪያውን ባሉት የነሐስ ቅርጾች ላይ ነው። እዚያ ላይ የተገደሉት ሰዎች ፊት አላቸው። በችኮላ አይታዩም፤ በአንድ ጎን ቆሞም አያልቁም።

እኔ የሄድኩት ግን ፊት ለፊት ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት፣ አንድ የሲሚንቶ መወጣጫ አለ። ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች የሠሩት ነው። አሥራ አራት ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ፋሺዝም ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ላለፈው ለአንድ ዓመት ነው።

ከነጻነት በኋላ ይኼ በመዶሻ ሊደቅ ይችል ነበር። ማንም አይፈርድም ነበር። እንዳለ ቢተዉት ደግሞ የጠላት ኩራት ቤተ መንግሥቱ ደጅ ላይ በቀረ ነበር። የተደረገው ሦስተኛ ነገር ነው። ከመጨረሻው ደረጃ ጫፍ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። ከዚያ በላይ የሚጨመር ደረጃ የለም። አሥራ አራቱም ደረጃዎች አሁን አንበሳውን ተሸካሚ ናቸው።

ከሁሉም ሐውልቶቻችን ይኼን ነው የማስበልጠው። ቁመቱ ትንሽ ነው፣ ሲሚንቶው አርጅቷል፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ አጠገቡ ያልፋል። ሐሳቡ ግን የተጠና ነው። ጠላት የጻፈውን ሳይሰርዙ ዓረፍተ ነገሩን እነሱ ጨረሱት። ያንን የወሰነው ማን እንደሆነ፣ አንበሳውን ማን ተሸክሞ እዚያ እንዳወጣው ማወቅ በጣም እወዳለሁ። የእነሱ ስም ከቀራጮቹ ስም እኩል መጻፍ ያለበት ነው።

ሄዳችሁ ማየት የምትፈልጉ፣ ተቋሙ ውስጥ ሙዚየም ስላለ መታወቂያ ይዛችሁ በር ላይ ሙዚየሙን ልትጎበኙ እንደመጣችሁ ተናገሩ። ጠዋት ይሻላል። መወጣጫውን ከሙዚየሙ በፊት እዩት፤ ደረጃዎቹን ከታች ጀምራችሁ ቁጠሩ። ልጆች ካሏችሁ እነሱ ይቁጠሩ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አንበሳውን ራሳቸው ያገኙታል።